ሰርቨሮችን በካርታ ወይስ በዝርዝር?

ሰርቨሮቻችሁን የምትከታተሉበት ኮንሶል አንዱን ማሽን በሁለት መልክ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ በካርታ ወይም በዝርዝር።

ካርታው ዓይን ይስባል። እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ምልክት አለው፣ ማሽኖቹን በኔትወርክ ከሚያገናኘው መሣሪያ፣ ከስዊቹ ጋር በመስመር ይያያዛል። ትልቁ ጥቅሙ ይህን ግንኙነት ማሳየቱ ነው። አንድ ስዊች ሲወድቅ ከሥሩ ያሉት ሃያ ሰርቨሮች አብረው ቀይ ይሆናሉ። ያኔ ችግሩ ከእነሱ ሳይሆን ከላይ እንደሆነ ወዲያው ትጠረጥራላችሁ። ዝርዝሩ ላይ ግን የምታዩት ሃያ ቀይ መስመር ብቻ ነው። ካርታው ጣጣም አለው። ማሽኖቹ ሲበዙ የሸረሪት ድር ይመስላል። ለውጥ በመጣ ቁጥር የሚያስተካክለው ሰው ከሌለ ደግሞ ካርታው መዋሸት ይጀምራል።

ዝርዝሩ ደረቅ ነው። ግን ስም ትፈልጉበታላችሁ፣ በችግሩ ክብደት ትደረድሩበታላችሁ። ለዕለት ሥራ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ካርታው ለግድግዳው ስክሪን ይሁን፣ ያውም ዋና ዋናዎቹን ብቻ ይዞ።

በየትኛውም መልክ ይታይ፣ ስያሜው ላይ አትስነፉ። ሌሊት 9 ሰዓት ማንቂያ ሲጮህ 10.0.4.17 የሚል የኔትወርክ አድራሻ ለማን ምን ይነግራል? የሰርቨሩን ሥራ የሚናገር ስም ስጡት። ለምሳሌ ዛቢክስ በሚባለው የሰርቨር መከታተያ ፕሮግራም ላይ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ስምና የሆስቱ (ክትትል የሚደረግበት ማሽን) ስም በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይሞላሉ። የሚታየውን እንደፈለጋችሁ ቀይሩ። የሆስቱን ስም ግን ዝም ብላችሁ አትንኩ። ሰርቨሩ ላይ ተጭኖ መረጃ የሚሰበስበው ፕሮግራም፣ ማለትም ኤጀንቱ፣ በራሱ ተነሳሽነት መረጃ የሚልክ ከሆነ፣ የሆስቱ ስም ኤጀንቱ ጋ ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ መረጃው ይቋረጣል።