እንቁላል በምታህል ጨጓራ አምስት ሳምንት አገር ቤት

አገር ቤት ሄዶ የተመለሰ ሰው ስለ ማረፊያው፣ ስለ መኪና ኪራዩ፣ ስለ ኔትወርኩ ይጽፋል። እኔ ከመሄዴ በፊት ፈልጌ ያጣሁት ሌላ ነበር። ክብደት ለመቀነስ ጨጓራውን የተሠራ ሰው ለእረፍት ሲገባ ማን በደንብ ያስተናግደዋል? ማንስ ያስታውከዋል? ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። የአልጋ ምቾት የሚፈልግ ሌላ ጽሑፍ ያንብብ።

ባይፓስ የተሠራሁት ከጉዞዬ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ በምኖርበት አገር ነው። ሐኪሙ ከጨጓራዬ አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢት ለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ አገናኛት። ቀሪው ጨጓራ እዚያው ሆዴ ውስጥ አለ፤ ምግብ ግን አያልፍበትም። ሻንጣዬን ስዘጋ 34 ኪሎ ወርጄ ነበር። ፈሳሹን፣ የተፈጨውን፣ ለስላሳውን ምግብ ሁሉ ጨርሼ ጠጣር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ቁስሉም ድኗል። ሰው «ድነሻል» ይለኛል። እኔ ደግሞ ገና መብላት እየተማርኩ ነበር።

በበረራው ልጀምር። የዓመታት ልማዴ ሆኖ ገና በሩ ላይ የበረራ አስተናጋጇን ማራዘሚያ ቀበቶ ጠየቅኳት። ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትል አመጣችልኝ። ተቀምጬ ሳስረው የወንበሩ ቀበቶ ብቻውን በቅቶኝ ጫፉ ተንጠልጥሎ ቀረ። ማራዘሚያውን መልሼ ለመስጠት አፍሬ እስክንወርድ ጭኔ ላይ ይዤው ቆየሁ። ሰውነቴ ከሳ እንጂ ጭንቅላቴ አልከሳም፤ ዛሬም ጠባብ መተላለፊያ ሳይ በጎኔ እዞራለሁ። ስለ አየር መንገዱ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ ፍተሻውን እለፉና ውስጥ አስሞሉት። እኔ በቀን አንድ ሊትር ተኩል መጠጣት አለብኝ፣ ግን ጭልጥ ማድረግ አልችልም፤ ጠብታ በጠብታ ነው። በትንሿ ኩባያ ተራ እስኪደርሰኝ ብጠብቅ ደርቄ እወርድ ነበር። አስተናጋጆቹ ሦስት ጊዜ ሞሉልኝ፣ ፊታቸውም አልጠቆረም።

ቤተሰብ ዘንድ ሳይሆን እንግዳ ማረፊያ ያረፍኩት ጠልቻቸው አይደለም። በቀን አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት የሚበላ፣ አንዷን ጉርሻ ሃያ ጊዜ የሚያኝክ፣ ከምግብ ጋር ውኃ የማይጠጣ፣ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ገበታ ላይ ሲቀርብ የሌላውን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ደግሞ «እንዴት ከሳሽ!» አለ። ይህ ቃል በጽሑፍ ሲታይ ከፍርድ ቤቱ «ከሳሽ» አይለይም፤ እኔም ተከሳሽ ሆኜ ነው የሰነበትኩት።

በማረፊያው ቁርስ፣ ምሳና እራት ከክፍሉ ጋር ተከፍሏል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሙሉ ሳህን እየመጣ፣ ሩቡ ተነክቶ ይመለስ ነበር። በሦስተኛው ቀን ምግብ አብሳይዋ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ እናት፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ክፍሌ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ እጄ አልጣመሽም እንዴ?»

«እማማ፣ እጅዎማ ጣፋጭ ነው። ሆዴ ነው ያነሰው» ብዬ ነገርኳቸው። እንደ ሰው ሁሉ «ወይኔ ልጄን!» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ የሥራ ጥያቄ ጠየቁኝ። በስንት ሰዓት ልዩነት? ስንት ማንኪያ? ምኑን ነው መጀመሪያ የምትበዪው? ፕሮቲኑን መጀመሪያ አልኳቸው፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ማግኘት እንዳለብኝ፣ ቦታ ከተረፈ አትክልት፣ ስታርቹ (እንጀራውና ዳቦው) መጨረሻ እንደሆነ ነገርኳቸው። በማግስቱ ምግቤ በሻይ ሳህን መጣ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ቀን በሻይ ሳህን፣ በቀን አምስት ጊዜ። ደረቅ ሥጋ እንደማይወርድልኝም እኔ ሳልነግራቸው ከሚመለሰው ሳህን አይተው ደረሱበት፤ በስሱ ከትፈው በመረቅ ማለስለስ ጀመሩ። ቀዶ ጥገናውን የተሠራሁበትን ሆስፒታል የምግብ ባለሙያ ጨምሮ ይህን ያህል ያስተዋለኝ የለም። የክፍሉ ሙቅ ውኃ ግን አስተማማኝ አልነበረም፤ ይህም ይታወቅ።

ወደ ጸጉር ቤቱ ልለፍ፣ የመከራዬ መነሻ እሱ ነውና። ከቀዶ ጥገናው ሦስት ወር ገደማ በኋላ ጸጉር መርገፍ ይጀምራል። ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ሲደነግጥና ምግብ ሲያንሰው በርካታ ጸጉር ወደ እረፍት ይገባል፣ ከወራት በኋላም አብሮ ይረግፋል። ሥሩ ስለማይሞት መልሶ ይበቅላል። ይህን አውቃለሁ። ማወቅ ግን ማበጠሪያው ላይ የተጠቀለለውን አያስረሳም። መጀመሪያ የሄድኩበት ጸጉር ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ልጅቷ ጸጉሬን ገና ስትፈታው «እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው? ታመሽ ነበር?» አለች፣ አምስት ደንበኛ እየሰማ። ቀጥላም ቅባት፣ ሻምፑና አንድ ብልቃጥ እንክብል አመጣችልኝ። እንክብሉ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ነው፣ 10 ሚሊ ግራም። ሆድ ባሰኝና ገዛሁት፤ በየቀኑም መዋጥ ጀመርኩ። (ሌላ ጸጉር ቤት ደግሞ ሴትየዋ ዝም ብላ ጥግ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ አሳጥራ ቆረጠችውና «እንዲህ ሲሆን ወፍራም ይመስላል» አለች። ምንም አልሸጠችልኝም። እሷ ዘንድ ሂዱ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን በሯ ላይ ስም እንኳ የላትም።)

የስድስት ወር የደም ምርመራዬ እዚያው እያለሁ ደረሰ። ባይፓስ የተሠራ ሰው ዕድሜ ልኩን ይመረመራል፤ ብረት፣ ቢ 12፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም ከአንጀት እንደ ድሮው አይገቡለትም። መብረቅረቅ የሚወድ አንድ የምርመራ ማዕከል ገባሁ። እንግዳ መቀበያው እብነ በረድ ነው። «ሙሉ ምርመራ» የሚል ጥቅል አላቸው፤ ከየትኛውም ዝርዝር ይልቅ ጥቅሉን ይወዱታል። ሐኪሜ የጻፈልኝን ወረቀት ሳያነቡ 75 ግራም ስኳር የተበጠበጠበት ብርጭቆ አቀረቡልኝ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ይህ የብዙ ሰው ወጥመድ ነውና። በባይፓስ ሆድ ስኳር ጨጓራ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ አይወርድም፤ በአንድ ጊዜ አንጀት ላይ ይደፋል። አንጀት ውኃ ከደም ይስባል፤ ከአሥር እስከ ሠላሳ ደቂቃ ባለው ጊዜ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል። አንዳንዱን ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ኢንሱሊን ከልክ በላይ ፈስሶ፣ የደሙ ስኳር ወርዶ ያዞረዋል። ዳምፒንግ የሚሉት ይህንን ነው። አንድ ቀን ጭማቂ ቤት «ስኳር የለውም» ተብዬ ጠጥቼ መኪና ውስጥ ተጋድሜ ስላየሁት አውቀዋለሁ። ለተቀባይዋ ሳስረዳት «ሁሉም ይጠጣዋል እኮ» አለችኝ። አልጠጣሁም። የስኳሩን ሁኔታ የሦስት ወሩን አማካይ በሚያሳየው የደም ምርመራ እንዲያዩት አደረግኩ። የጥቅሉ ዋጋ ግን አልተቀነሰልኝም።

ውጤቱ በማግስቱ ደረሰ፣ አንድ ወጣት ሐኪምም አነጋገረኝ። የታይሮይድ ዕጢዬ ከልክ በላይ እየሠራ ነው አለኝ። ዕጢውን የሚያዘው ሆርሞን (ቲኤስኤች) ወርዷል፣ ዕጢው የሚያመነጨው (ቲ4) ወጥቷል። ከዚያ በጣም ደስ ባለው ፊት «የከሳሽበት ምክንያት እኮ ይኸው ነው!» አለ። ሆዴ ላይ ያሉትን አምስት ጠባሳዎች ላሳየው ነበር። የታይሮይድ ማፈኛ መድኃኒት ጻፈልኝ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ እንጂ መድኃኒቱን አልገዛሁም፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አላየሁም።

ሁለተኛው ላቦራቶሪ የአንድ ክሊኒክ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ወንበሮቹ አይመሳሰሉም፣ ግድግዳው ቀለም ይፈልጋል። ደም ሊቀዳልኝ የተቀመጠው ባለሙያ መርፌውን ሳያነሳ ጠየቀኝ፦ «የምትወስጂው ቫይታሚን አለ? ለጸጉር፣ ለጥፍር የሚሆን?» ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና ሳቀ።

«ይሄን እየወሰድሽ ደም ብትሰጪ ማሽኑ ይሳሳታል። ሂጂና አራት ቀን ተዪው።»

ነገሩ ቀላል ነው። ብዙ የላቦራቶሪ ማሽኖች የሚፈልጉትን ሆርሞን የሚያጠምዱት በባዮቲን ማያያዣ ነው። በደም ውስጥ ባዮቲን ሲበዛ ማያያዣውን ይይዝባቸውና የአንዱን ቁጥር ዝቅ፣ የሌላውን ከፍ አድርገው ያወጣሉ። በታይሮይድ ላይ የሚያሳዩት ስሕተት ቁርጥ የዕጢው በሽታ ይመስላል። ቢ 12ም በዚያው መንገድ ጎድሎ ሳለ ሙሉ መስሎ ሊወጣ ይችላል። በአራተኛው ቀን ተመልሼ ሰጠሁ። ታይሮይዴ ደህና ነው። የጎደለኝ ብረት ነው፤ ፌሪቲኔ (የተከማቸ ብረት መለኪያው) ወደ 11 ወርዷል፤ ለጸጉሬም ለድካሜም አንዱ ምክንያት እሱ ሳይሆን አይቀርም። እብነ በረዱ ያየልኝ በሽታ የለብኝም፣ ያለብኝን ደግሞ አላየልኝም። ደም ቀጂው ያስከፈለኝ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ላጠፋሁበት ጊዜ አላስከፈለኝም።

መድኃኒት ቤቶቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። ሻንጣ አንስቼ ወገቤን ሲይዘኝ አንዱ ገና «ወገቤን» ስል አይቡፕሮፌን የሚባለውን ማስታገሻ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። ለእኛ ይህ መድኃኒት ከረጢቷና አንጀቱ በተገናኙበት ስፌት ላይ ቁስል ስለሚያመጣ የተከለከለ ነው፤ ፓራሲታሞል ይበቃል። ብረቴን የገዛሁባት ፋርማሲስት ግን ከእኔ ጋር አሥር ደቂቃ ቆማለች። ካልሲየሙን ከብረቱ ቢያንስ በሁለት ሰዓት እንዳራርቀው፣ በአንድ ጊዜም ከ500 ወይም ከ600 ሚሊ ግራም እንዳላልፍ አሳሰበችኝ። ካርቦኔት የሚባለው ካልሲየም የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ሲትሬቱን ፈልጋ፣ እሷ ዘንድ ሲያልቅ ከሌላ ቤት አስመጥታልኛለች። ስለ እርግዝናም ጠይቃኛለች፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከዓመት እስከ ዓመት ከግማሽ መቆየት እንደሚመከር፣ የሚዋጥ መከላከያም በባይፓስ ላይ እንደማያስተማምን ቀስ ብላ፣ ሌላ ደንበኛ ሲወጣ ጠብቃ ነገረችኝ።

ጂሙን ሁለት ጊዜ ብቻ ሄድኩበት። ንጹሕ ነው፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ አሠልጣኙ በየአምስት ደቂቃው «ጎበዝ!» ይላል። በቃ።

በመጨረሻ የሄድኩት ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። አምስት ቀሚስ ይዤ ሄድኩ፣ ሁሉም እንደ ድንኳን ይንሳፈፉብኛል። ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸው በክር ታስሯል። ለኩኝ፣ ጻፉ፣ መልሰው ለኩኝ።

«ልጄ፣ ገና እየወረድሽ ነው አይደል?»

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«የለበስሽው ሱሪ አንዴ ጠቧል። ስፌቱ አዲስ ነው፤ ግን እሱም ሰፍቶሻል።»

እውነታቸውን ነው፤ የባይፓስ ሰው እስከ ዓመት፣ እስከ ዓመት ተኩል ይወርዳል፣ ከዚያ ይረጋል፣ ጥቂቱም ይመለስበታል። ሁለቱን ቀሚስ አሁን ለምለብሰው ሠሩልኝ። ግልብጡን ሳየው ትርፉን ጨርቅ አልቆረጡትም፤ እንዳለ አጥፈው በስሱ ወስውሰውታል። መጀመሪያ ከፋኝ፤ «ተመልሰሽ ትወፍሪያለሽ» ያሉኝ መሰለኝ። ይቁረጡት አልኳቸው። «ጨርቅ ከቆረጡት አይቀጠልም። ዓመት ይሙላሽ፣ ያኔ እኔም ካለሁ እቆርጠዋለሁ» አሉ። ሦስቱን ቀሚሶች ሳይነኳቸው አጣጥፈው በላስቲክ መለሱልኝ፣ የተቀበሉኝም የሁለቱን ሒሳብ ብቻ ነው።