ቆማ ለምትከርም ቮልስ፦ ማስነሳት፣ መንቀል፣ ቻርጀር ወይስ ሶላር?

የግቢ ጥግ ይዛ፣ ሸራ ለብሳ፣ ጎማዋ ተኝቶ የቆመች ቮልስ የማታውቁ ካላችሁ አዲስ አበባን አታውቋትም። ባለቤቷ ወይ ውጭ አገር ነው፣ ወይ በሌላ መኪና ይንቀሳቀሳል። ሽጣት ሲሉት ግን ይቆጣል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህማ ማን ይሸጣል?

እኛም ቤት አለች። የአባቴ ናት። በዓመት አሥር ቀን ብትነዳ ነው። ሁሉንም ዘዴ ሞክረንባታል፤ ሁለት ባትሪም ቀብረናል። ከነኪሳራው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ነፃ የሚመስለው፦ በየሳምንቱ ማስነሳት። «ቁልፉን ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስነሳታል» የሚል ሰው ሳይሰማችሁ አይቀርም። እኔ ከሁሉም የምጠላው ይህንን ነው። ሞተር ሲነሳ ከባትሪው ብዙ ይወስዳል፤ የድሮ ቮልስ ዲናሞ ደግሞ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ሲዞር የሚመልሰው ከምንም አይቆጠርም። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ካለች ባትሪው እየተሞላ አይደለም። ሌላም አለ። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል። የጭስ ማውጫው ማርሚታ በደንብ ሳይግል ሞተሩ ከጠፋ ውሃው እዚያው ይቀራል፣ ዘይቱም ውስጥ ይገባል። የእኛን ማርሚታ ከውስጥ የበላው ዝናብ ሳይሆን የሁለት ዓመት ቅዳሜ ነው። ከተነሳች ግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ትነዳ። ካልተነዳች ባትነሳ ይሻላል።

ሁለተኛው ባትሪውን መንቀል ነው። አንድ መፍቻ ይበቃል፤ ኔጌቲቩን ብቻ ፈትታችሁ ወደ ጎን ማድረግ። አላርምም ጂፒኤስም ያልተገጠመላት ቮልስ ቁልፏ ከወጣ የምትበላው ነገር የላትም ማለት ይቻላል። ባትሪው የሚወርደው በራሱ ብቻ ነው፤ እሱም በአዲስ አበባ ብርድ ከድሬዳዋ ሙቀት ይልቅ ቀስ ይላል። ሙሉ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል። ወደ 12.4 ሲጠጋ ማስሞላት ነው። ባዶውን ከከረመ ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ጨው ይጋገርና ቻርጅ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ በየሁለት ሦስት ወሩ የሚለካላችሁ ሰው ያስፈልጋል። ሰው ከሌለ ይህ ዘዴ የሚያዋጣው ለአንድ ክረምት ያህል ነው።

እግረ መንገዴን፦ የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን አንሱና ገልብጡት። የወንበሩ ሞላ ሽቦዎች ተራ በተራ ተደርድረው ታያላችሁ። የእኛ ላይ አንዱ ሽቦ ጫፉ ጠቁሮ ነበር፣ ልክ በፖዘቲቩ አናት ትይዩ። ከባድ ሰው ሲቀመጥ ሽቦው ይወርድና ባትሪውን ይነካዋል፤ ወንበሩ በእሳት የሚያያዘው እንዲህ ነው። አዲስ ባትሪ ስትገዙ ቁመቱን ከድሮው ጋር አስተያዩ። ፖዘቲቩን የሚሸፍን ክዳንም አትርሱ።

ሦስተኛው ራሱን የሚቆጣጠር ቻርጀር ነው። ከተራው ቻርጀር ጋር አታምታቱት። ተራው ሞልቶም መግፋቱን አይተውም፤ የባትሪውን ውሃ ያፈላል፣ አሲዱም ይረጫል። ከባትሪው ሥር ያለው የቮልስ ወለል ተበልቶ የሚገኘውም አንድም በዚህ ነው። ጥሩው ቻርጀር ግን ሲሞላ ወደ 13.2 እና 13.6 ቮልት መካከል ይወርድና ይጠብቃል። ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ መኪናችሁ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራች ከሆነች ባለ 6 ቮልት ልትሆን ስለምትችል ቻርጀሩ 6ም 12ም መሥራቱን። ሁለተኛው ለእኛ አገር ወሳኝ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራሱ ይቀጥላል ወይስ ቁልፍ እስኪጫኑት ይጠብቃል? ሱቁ ውስጥ ከባትሪ ጋር አገናኝታችሁ ሶኬቱን ንቀሉና መልሱት። ዝም ካለ ለሻጩ መልሱለት። እኛ ይህን ሳናውቅ ገዝተን፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ ባትሪው ሞቶ ጠበቀን።

ሶላሩ አጭር ነው። ሶኬት ለሌለበት ግቢ ከ5 እስከ 10 ዋት ያለው ትንሽ ሰሌዳ ከነመቆጣጠሪያው ይበቃል። ግን ፀሐይ ማየት አለበት። ጣራ ሥር ወይም ሸራ ውስጥ ጌጥ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይም ብዙ አትጠብቁበት።

የእኔ ፍርድ? አላርም ከሌላትና የሚለካ ዘመድ ካለ ንቀሉ፣ ገንዘባችሁን ለጥሩ ባትሪ አቆዩት። አላርም ወይም ጂፒኤስ ካላት፣ ወይም ከዓመት በላይ ከሄዳችሁ፣ ቻርጀር። ሶላር ሶኬት ሲጠፋ ብቻ።

ልብሷንም በተመለከተ፦ ላስቲክ አታልብሷት። ከሥር የሚነሳውን እርጥበት ያፍነዋል፤ ዝገቱን የምታዩት ስትገልጡት ነው። ጣራ ሥር ለምትቆመው ልብስ ሰፊ ዘንድ የተሰፋ አቡጀዴ ከውዱ ሸራ አያንስም። ደጅ ለምትቆመው ዝናብ የማያስገባ፣ ግን አየር የሚያስወጣ ይፈለግ፤ ነፋስ እያውለበለበ ቀለሟን እንዳይፍቀውም በደንብ ይታሰር።

የቀረው ወጪ የለውም። የነዳጅ ታንከሯን በቤንዚን ሙሉ፣ ባዶ ቦታ ካለ እርጥበት ይዞ ይዝጋል። ጎማዋን ከወትሮው ትንሽ ጨምራችሁ ንፉ፣ በወር አንዴም በእጅ ገፋ አድርጓት። የእጅ ፍሬን ስባችሁ አትተዉ፤ ማርሽ አስገቡና ድንጋይ አስደግፉ። የፍሬን ዘይት ቆማም ቢሆን ውሃ ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

መሪው ላይም ወረቀት እሰሩ፦ ባትሪው መቼ እንደተነቀለ፣ ስንት ቮልት እንደነበር፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ። የእኛው ላይ አባቴ በእርሳስ አንድ መስመር ጨምሮበታል፦ «ሳትነግሩኝ አታስነሷት»።