አዛዥነቱ ይቅርባችሁ፣ ሰርጀንትነቱ ይበቃል፦ ስለ ፋይቭኤም የፖሊስ ሮልፕሌይ

ቀን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የፓርኪንግ ሠራተኞችን ፈረቃ አወጣለሁ። ማታ ደግሞ ሎስ ሳንቶስ በምትባል የጌም ከተማ የፖሊሶችን ፈረቃ ሳወጣ ከርሜአለሁ። ለቀኑ ይከፈለኛል፣ ለማታው አይከፈለኝም፤ ከዚያ በቀር ብዙ ልዩነት የለውም። ባለቤቴ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ ኤክሴሉን አየችና «አንተ ሰውዬ፣ ከሥራ ገብተህ ደግሞ ሥራ ትጫወታለህ?» አለችኝ። መልስ አላገኘሁላትም። ይህን የምጽፈው ግን አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ቺፍ መሆን እንዴት ነው? እኔም ፖሊስ ልግባ እንዴ?» እያለ (ቺፍ የሚለው የፖሊስ አዛዡን ነው) ስለሚጨቀጭቀኝ ነው። እንደሱ የሚጠይቅ ሌላም ሰው አይጠፋም።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልናገር። ጂቲኤ 5 የተባለውን ጌም ሮክስታር የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 አወጣው፤ ኮምፒውተር ላይ የደረሰው በ2015 ነው። ፋይቭኤም በዚያ ጌም ላይ የሚጫን ነፃ ፕሮግራም ሲሆን፣ ማንም ሰው የራሱን ሰርቨር፣ ማለትም ሰዎች በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱበትን ቦታ፣ ከፍቶ፣ የራሱን ሕግ አውጥቶ፣ የፈለገውን ሰው እንዲያስገባ ያስችላል። ሮክስታር መጀመሪያ ላይ በበጎ ዓይን አላየውም ነበር፤ በ2015 የሠሪዎቹን አካውንት ዘግቶባቸዋል። ያው ሮክስታር በኦገስት 2023 ቡድኑን ከነሥራው ገዝቶ ጠቀለለው። ስለዚህ ዛሬ «ሕገ ወጥ ነው፣ አካውንት ያዘጋል» የሚላችሁ ሰው ወሬው አርጅቶበታል። የሚያስፈልጋችሁ በትክክል የራሳችሁ የሆነ ጂቲኤ 5 እና ከ100 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ነው። በሜይ 2020 ኤፒክ የሚባለው የጌም መደብር ለአንድ ሳምንት በነፃ ሲያድለው የወሰዳችሁ ካላችሁ እሱም ይሠራል፤ እኔም የምጫወተው በዚያው ነው።

ሮልፕሌይ ሰርቨር ላይ ዝም ብሎ መተኮስ የለም። ስምና የኋላ ታሪክ ያለው ሰው ትፈጥራላችሁ፤ ከገባችሁ እስክትወጡ በዚያ ሰው አንደበት ታወራላችሁ። ድምፁ እንደ ርቀቱ ነው፤ አጠገባችሁ የቆመው ይሰማችኋል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው አይሰማም። ጌሙ ማሳየት የማይችለውን በጽሑፍ ትሞሉታላችሁ፦ «ሚ» የሚለው ትእዛዝ የምታደርጉትን፣ «ዱ» የሚለው በዙሪያችሁ ያለውን ይገልጻል።

አንድ ሌሊት ከአዲስ ካዴት፣ ማለትም ከሠልጣኝ ፖሊስ፣ ጋር ቪንዉድ አካባቢ የኋላ መብራቱ የማይሠራ መኪና አስቆምን። ልጁ እንደተማረው በሾፌሩ በኩል ቀረበ፣ መንጃ ፈቃድ ጠየቀ፣ ከዚያ «ዱ፦ መኪናው ውስጥ የሚሸት ነገር አለ?» ብሎ ጻፈ። የጠበቀው ዕፅ ነው። ሾፌሩ ትንሽ ቆየና «ዱ፦ የተጠበሰ ዶሮ፣ ግማሹ ተበልቷል» ብሎ መለሰ። ካዴቱ ሳቁን ለመደበቅ ማይኩን ዘጋ፤ ሬዲዮውን ግን ረስቶት ኖሮ በሥራ ላይ የነበርነው ፖሊሶች በሙሉ ሰማነው። የመብራቱን ቅጣት ጽፎ አሰናበተው። ፓትሮል ማለት ይህ ነው፤ እንከን አላወጣለትም። መኪና ውስጥ ያለው ኤምዲቲ የሚሉት ኮምፒውተር ታርጋ ይፈልጋል፣ የመያዣ ትእዛዝ ያሳያል፣ ሪፖርት ይቀበላል። ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያን የሚመስለው ስታኒየር እና ዶጅ ቻርጀርን የሚመስለው ባፋሎ ሲነዱ ደስ ይላሉ። ከሚሽን ሮው ጣቢያ ወጥታችሁ እስከ ሳንዲ ሾርስ በረሃ ድረስ ስትሄዱ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ አታውቁትም።

ቺፍነት ግን ሌላ ነገር ነው። የፖሊስ መለዮ ለብሳችሁ መኪና ትነዳላችሁ የሚል ሐሳብ ካላችሁ ከወዲሁ አውጡት። ቺፍ የሚኖረው ዲስኮርድ በሚባለው የመልእክትና የድምፅ መገናኛ ላይ ነው። ማመልከቻ ታነባላችሁ፣ ቃለ መጠይቅ ታደርጋላችሁ፣ ካዴቱን ለየትኛው አሠልጣኝ እንደምትሰጡ ታስባላችሁ፣ ማዕረግ የቀረበትን ታባብላላችሁ፣ ከካፒቴኑ ጋር የተጣላውን ሌተናንት ታስታርቃላችሁ። ለዚህ ሁሉ ፋይቭኤም ራሱ የሚሰጣችሁ ነገር የለም። ሰርቨሩ ላይ የተጫነው የፖሊስ ሲስተም ማዕረግ መስጠትና መንጠቅ ይችላል፤ ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ ማየት ስፈልግ ግን ከሰርቨሩ መዝገብ እየለቀምኩ በእጄ ኤክሴል ላይ እሞላ ነበር። የምፈርመው ሥራ ሁሉ በሁለት ስክሪን መሃል የተበታተነ ነው።

ከዚህ በላይ ማንም አስቀድሞ የማይነግራችሁ አለ። ሮልፕሌይ ሰርቨር ላይ ፖሊስ አስተናጋጅ ነው፤ እንግዳው ሌባው ነው። አብዛኛው ሰርቨር ባንክ ለመዝረፍ የተወሰነ ቁጥር ያለው ፖሊስ በሥራ ላይ መኖር አለበት የሚል ገደብ አለው፤ ቁጥሩ ካልሞላ የባንኩ በር አይከፈትም። እናም ዓርብ ማታ የአንዱ ጋንግ አለቃ «ቺፍ፣ ዛሬ ስንት ሰው አለህ?» ብሎ ይጽፍልኛል፤ ሊዘርፈኝ ነው ቀጠሮ የሚይዘው! እኔም ሰው ለመሙላት አውሮፓ ያሉትን «ተኝታችኋል?» እያልኩ እቀሰቅሳለሁ። ያልኳችሁ የፈረቃ ሥራ ይህ ነው።

ስለዚህ የቺፍ ዋናው ሥራ ሰዎቹን መሸነፍ ማስተማር ነው። ይህን ለመቀበል የሚቸገር ብዙ ነው። አዲስ ፖሊስ ሌባ ባመለጠ ቁጥር ቅር ይለዋል፤ ፖሊስ ሁሌ የሚያሸንፍበት ሰርቨር ግን በሁለት ወር ውስጥ ባዶ ይሆናል፣ ምክንያቱም የሚዘርፍ ሰው አይገኝም። ደንብ አወጣሁ፦ አንድን መኪና ከሦስት በላይ የፖሊስ መኪና አያሳድድም፤ ሌላው በጎን መንገድ ይከተላል እንጂ ሰልፉ ውስጥ አይገባም። ከኋላ ጎኑን ገጭቶ ማሽከርከር፣ ፒት የሚሉት፣ በዝግታ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በሰርጀንት ፈቃድ። ሞተር ሳይክል ላይ ፈጽሞ ክልክል። ሄሊኮፕተር አንድ። ይህን ስለጥፍ ግማሹ ፖሊስ አጉረመረመ፤ ሌቦቹ ግን ደስ አላቸው፣ ማሳደዱም ከሦስት ደቂቃ ወደ ሃያ ደቂቃ ረዘመ። እኔ በበኩሌ ከጌሙ ሁሉ የምወደው ያን ሃያ ደቂቃ ነው።

ድርድር ደግሞ ለብቻው ይነገር። ግሬት ኦሽን ሃይዌይ ላይ ያለችው ትንሿ ፍሊካ ባንክ ተዘረፈች ተባለና ደረስን። ውስጥ ሁለት ታጋች አለ። ተደራዳሪው እኔ ነኝ። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ አንድ ታጋች ሲለቁ ጎማ የሚበሳውን ስፓይክ አንዘረጋም ትላላችሁ፣ ሁለተኛውን ሲለቁ መንገዱን ትከፍታላችሁ፣ ከዚያ ማሳደዱ ይጀመራል። መጀመሪያ የምጠይቀው ታጋቾቹ የራሳቸው ጓደኞች እንዳይሆኑ ነው፤ የሰርቨሩ ሕግ ይከለክላል፣ ግን ሁሌም የሚሞክር አለ። በስልኩ እንግሊዝኛዬን ስጀምር ከወዲያ ያለው ዘራፊ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ በአማርኛ «ወንድሜ፣ አበሻ ነህ እንዴ? በናትህ ሄሊኮፕተሯን አንሳልን» አለኝ። ጀርመን የሚኖር ልጅ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። ሎስ ሳንቶስ ውስጥ የምጫወተው ሰው አማርኛ አያውቅም፤ በእንግሊዝኛ «አልገባኝም፣ ታጋቹን ልቀቁ» ብዬ ቀጠልኩ። ሲያዙ ልጁ እጁ በካቴና ታስሮ «ጨካኝ ነህ» ብሎ በአማርኛ ሲያጉተመትም፣ ያሰረው የስኮትላንድ ሰው ስድብ መስሎት ክስ ሊጨምርበት ነበር።

መያዙን ካነሳሁ አይቀር፣ በእኔ ጊዜ መብቱ ሳይነበብለት የሚጠየቅ ተጠርጣሪ አልነበረም። «ዝም የማለት መብት አለህ» የሚለው ነገር የመጣው በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚራንዳ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ነው፤ ሰርቨራችን ላይ ጠበቃ የሚጫወቱ ስላሉ ካልተነበበ ክሱን ያስጥሉታል። ለነገሩ የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው እንደሚገባ ተጽፏል። እዚህ አገር ያለ የአበሻ ልጅ የሚራንዳውን በቃሉ ይወጣዋል፤ ያኛውን ስነግረው «የምርህን ነው?» ይለኛል። እስሩ በሰርቨራችን አንድ ወር አንድ ደቂቃ ነው፤ ሃያ ወር የተፈረደበት ቦሊንግብሮክ እስር ቤት ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ ይወጣል። ለዚያ ሃያ ደቂቃ የሚከራከሩትን ክርክር ብታዩ!

በሬዲዮ ኮዱም ተጨቃጭቀናል። 10-4 («ገባኝ») እና 10-8ን («ሥራ ላይ ነኝ») ማንም ይይዛል፤ ሰርቨሩ ግን ረጅም ዝርዝር ነበረው፣ ካዴቶች በተኩስ መሃል ወረቀት ይፈልጉ ነበር። አምስት ስድስቱን ብቻ አስቀርቼ ሌላው በግልጽ ንግግር ይሁን አልኩ። «እውነተኛ ፖሊስ እንዲህ አያደርግም» ያሉኝ ነበሩ። እውነተኛው አሜሪካ ራሱ ከ2006 ጀምሮ ብዙ መሥሪያ ቤት በሚሳተፍበት አደጋ ላይ ግልጽ ንግግር ካልተጠቀማችሁ የፌዴራል ድጎማ የለም ብሏል፤ ይህን ስለጥፍላቸው ዝም አሉ።

አሁን ወደሚያናድደው። ክስ የሚመጣው በቪዲዮ ነው፤ ሁሉም ሰው ጨዋታውን ይቀዳል። አንዱ ኦፊሰሬ ሞተር ሳይክል ላይ የነበረ ሌባ በሙሉ ፍጥነት ገጭቶ ጣለ፣ ከዚያ ሳይጠይቀው ፈተሸው። ቪዲዮው ግልጽ ነው። ለሁለት ሳምንት አገድኩት። በማግስቱ ስገባ መኪናውም ማዕረጉም ተመልሶለታል። ለካ ልጁ በየወሩ ለሰርቨሩ ገንዘብ የሚከፍል ነው፤ የሰርቨሩ ባለቤት ሊያጣው አልፈለገም። ፋይቭኤም ሰርቨሮች ቴቤክስ በሚባል የክፍያ አገልግሎት በኩል ገንዘብ እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል፤ ሰርቨር በነፃ አይቆምም፣ ይገባኛል። ግን ቺፍ ተብላችሁ ተሹማችሁ የሰጣችሁት ቅጣት በጓሮ ከተነሣ፣ ከነገ ወዲያ ማንም ካዴት አይሰማችሁም። የሰርቨሩን ስም የማልጠራው ለዚህ ነው፤ ከወሬ እንደምሰማው ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር በብዙ ቦታ አለ። ሹመት ከመቀበላችሁ በፊት ባለቤቱን «ያገድኩትን ሰው ማን ማንሣት ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁት፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

እኔ ቺፍነቱን ለምክትሌ አስረክቤ በሰርጀንት ማዕረግ ሌላ ሰርቨር ላይ ነኝ። ሰርጀንት ጥሩ ቦታ ነው። ስድስት ሰባት ሰው ይዛችሁ ሌሊቱን ትመራላችሁ፣ ማሳደዱን ትፈቅዳላችሁ፣ ካዴት ታሠለጥናላችሁ፤ ስትወጡ ሥራው እዚያው ይቀራል፣ ከእንቅልፋችሁ የሚቀሰቅስ መልእክት የለም። ለፓትሮሉ ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ፣ ለድርድሩም እንዲሁ፣ ለቺፍነቱ ሁለት፤ ሁለቱም ለሰዎቹ ነው እንጂ ለሲስተሙ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ለምትጫወቱ ሁለት ሦስት ነገር። የአሜሪካ ሰርቨር ይቅርባችሁ፤ በርቀቱ ምክንያት መኪና ስታሳድዱ የምታዩት መኪና ካለበት ሌላ ቦታ ይሆናል፣ የአውሮፓው ይሻላል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ወዲያው በስልካችሁ ዲስኮርድ ገብታችሁ አሳውቁ፤ በግጭት መሃል ድንገት የጠፋ ሰው ለማምለጥ እንደወጣ ይቆጠራል፣ ቅጣትም አለው። «መብራት ጠፍቶ ነው» ስትሏቸው ኔዘርላንድ ያሉት አስተዳዳሪዎች አያምኗችሁም፤ የኔ እህት ልጅ ጨለማ ቤቱን ፎቶ አንሥቶ ልኮ ነው የተረፈው። ማመልከቻው ላይ «ለምን ፖሊስ መሆን ፈለግህ?» ሲሉ «ሌባ ለመያዝ» ብላችሁ አትጻፉ፤ እንደዚያ የሚሉትን እኔ ወደ መጨረሻ ነበር የምገፋቸው። ከሌላው ሰው ጋር ምን ዓይነት ታሪክ መጫወት እንደምትፈልጉ ጻፉ። ቃለ መጠይቁ በድምፅ ስለሆነ ደህና ማይክ ያለው ሄድሴት ይኑራችሁ፣ እናታችሁም ቡና የምትወቅጥበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ።