የመሬት ድንኳን፣ የጣሪያ ድንኳን ወይስ መኪና ውስጥ መተኛት? ለሁለት ጓደኛሞች የበጋ ጉዞ የሚሆን ንጽጽር

ከጓደኛ ጋር መኪና ይዞ ወጥቶ ሜዳ ላይ ለማደር እንደ በጋ የሚመች ወቅት የለም። ዕቃ መግዛት ስትጀምሩ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «የት እንተኛ?» የሚለው ነው። ምርጫው ሦስት ነው፦ መሬት ላይ የሚተከል ድንኳን፣ መኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ የሚከፈት ድንኳን፣ ወይም የኋላ ወንበሩን አጥፎ እዚያው መኪናው ውስጥ መተኛት።

ሻጮች ብዙውን ጊዜ የሚነግሯችሁ ስለ ምቾትና ስለ ፍጥነት ነው። ለሁለት ጓደኛሞች ግን ከዚያ የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ እላለሁ። ካረፋችሁ በኋላ መኪናው ነጻ ይሆናል ወይ? አንዳችሁ ሲገላበጥ ሌላው መተኛት ይችላል ወይ?

ከመኪናው እንጀምር። የመሬት ድንኳን ተክላችሁ ከጨረሳችሁ መኪናው እንደልብ ነው። ውሃ ቢያልቅ አንዱ ነድቶ ይሄዳል፣ ሌላው እራት እየሠራ ይጠብቃል። ቀን ለመዋኘት ወይም ተራራ ለመውጣት ስትሄዱም ድንኳኑ እንደተተከለ ይቆያል። የጣሪያ ድንኳን ይህን አይፈቅድም። ለአንድ ጄሪካን ውሃ እንኳ መሰላሉ ይነሳል፣ ድንኳኑ ይታጠፋል፣ ይታሰራል። መኪና ውስጥ የሚተኛ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ሻንጣው ማታ ማታ ከኋላ ወደ ፊት ወንበር፣ ጠዋት ጠዋት ከፊት ወደ ኋላ ይመላለሳል። ለአንድ ሌሊት ምንም አይደለም፤ ለሳምንት ግን ያሰለቻል።

በየቀኑ ቦታ የምትቀይሩ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ጠንካራ ክዳን ያለው የጣሪያ ድንኳን ማሰሪያው ከተፈታ በደቂቃዎች ውስጥ ተከፍቶ ያልቃል። ፍራሹም እዚያው ውስጥ ነው። የጨርቅ ሽፋን ያለው ዓይነት ሲዘረጋ ይሰፋል፤ መክፈቱና ማጠፉ ግን የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። መሬቱ ዐለት ወይም ጭቃ ቢሆንም ካስማ ስለማይመታበት አያስጨንቅም። ቀኑን ሙሉ ነድቶ ጨለማ ላይ ለደረሰ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። መኪናው ግን የግድ ደልዳላ ቦታ ላይ መቆም አለበት።

የጣሪያ ድንኳን ያማራችሁ ሰዎች ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ ግለጡ። ለሁለት ሰው የሚሆን የጣሪያ ድንኳን ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። መጽሐፉ ውስጥ የምትፈልጉት ቁጥር መኪናው እየሄደ ጣሪያው ሊሸከም የሚችለው ክብደት ነው። በብዙ የቤት መኪኖች ይህ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ነው። ፖርቶ መጋላውም የራሱ ክብደትና የራሱ ገደብ አለው። ሁለቱ ገደቦች ከተለያዩ የምትይዙት ትንሹን ነው። ጣሪያው 75 ኪሎ የሚችል ሆኖ ፖርቶ መጋላው 6 ኪሎ ቢመዝን፣ ለድንኳኑ የሚተርፈው 69 ኪሎ ብቻ ነው። «ሁለታችን ስንወጣበትስ?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ሆኖም የቆመ መኪና ፍሬን አይዝም፣ አይታጠፍም፣ ጉድጓድ አይገባም። ስለዚህ ቆሞ ሳለ ጣሪያው በጉዞ ላይ ከሚችለው በጣም የበለጠ ክብደት ይችላል። ብዙዎቹን መኪኖች ከምርጫ የሚያስወጣቸው የጉዞው ቁጥር ነው። መኪናችሁ ትንሽ ከሆነ ጉዳዩ እዚሁ ያበቃል።

መኪናችሁ ክብደቱን ከቻለም የጣሪያ ድንኳን ሌላ ዋጋ አለው። ነፋስ ስለሚይዝ ነዳጅ ይጨምራል። ከፍ ያለ ክብደት ስለሆነ መታጠፊያ ላይ መኪናው ያዘነብላል። የመኪናው ጠቅላላ ቁመትም ይለወጣል፤ ለክታችሁ ሾፌሩ በሚያየው ቦታ ጻፉት። ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ውስጥ ስትገቡ ታመሰግኑኛላችሁ።

አሁን ወደ እንቅልፉ። ድንኳን ላይ «ለ2 ሰው» ተብሎ ሲጻፍ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ይገባል ማለት እንጂ ሁለት ሰው ተመችቶት ይተኛል ማለት አይደለም። የተለመደው የጉዞ ፍራሽ ስፋት 51 ሴንቲሜትር፣ ሰፊው ደግሞ 64 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሰፊ ፍራሾች 128 ሴንቲሜትር ይሆናሉ። ብዙዎቹ የሁለት ሰው ድንኳኖች ወለላቸው 130 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ሻንጣ የት ይቀመጥ? ባልና ሚስት ይህን ይችሉት ይሆናል። ሁለት ጓደኛሞች ግን ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ሲያድሩ በሦስተኛው ቀን መነጫነጭ ይጀምራሉ። የጣሪያ ድንኳንም ከዚህ ብዙም አይሰፋም። ሰፋ ያለ ልግዛ ብትሉ ደግሞ ክብደቱ ይከለክላችኋል። ሌሊት ሽንት ቤት የሚነሳ ጓደኛ ካለ በጨለማ መሰላል መውረዱንም አስቡት። መኪና ውስጥ ከሁሉም ይጠባል፤ በኋላ ጎማዎቹ ሽፋኖች መካከል ያለው የውስጥ ወለል ስፋት በብዙ መኪኖች 1 ሜትር ገደማ ነው። ከፊት ወንበሩ ጀርባ እስከ ኋላ በር ያለውንም ለኩ። ከረጅሙ ሰው ቁመት ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ካልበለጠ ተዉት።

የመሬት ድንኳን ግን መላ አለው። የሦስት ሰው ግዙ፤ የሚጨመረው ክብደት ትንሽ ነው፣ የሚሸከመውም መኪናው ነው። ወይም ደግሞ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን የአንድ ሰው ድንኳን ግዙና በመካከል አንድ ሸራ ለጥላ ወጥሩ። እኔ የምወደው ይህን ነው። የሚያንኮራፋው ያንኮራፋል፣ በጠዋት የሚነሳው ይነሳል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ከጉዞው በኋላ ዕቃው የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በጋራ የተገዛ የጣሪያ ድንኳን ግን መጨረሻው ባለመኪናው ጋ መቅረት ነው።

ስለ ዝናብ ብዙ አትጨነቁ። የላይኛው ሽፋን ውሃ የመቋቋም አቅሙ (ጨርቁ ሳያሳልፍ የሚችለው የውሃ ዓምድ ቁመት) 1500 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ስፌቶቹ በፕላስተር ከታሸጉ ለበጋ ይበቃል። ውስጠኛና ላይኛ ጨርቅ ያለውን ድርብ ድንኳን ምረጡ፤ ነጠላው ከትንፋሻችሁ የተነሳ ሌሊቱን ውስጡ ያልበዋል። የመኪና መስኮትም እንዲሁ ነው፤ በትንሹ ከፍቶ ወንፊት መወጠር ያስፈልጋል። በሙቀት በኩል የመሬት ድንኳን ያሸንፋል፤ መኪና የማይገባበት ዛፍ ሥር ይተከላል።

በየትኛውም ብትተኙ፣ ውስጥ ምድጃ አታብሩ፣ ለማቀዝቀዣ ብላችሁም ሞተር አስነስታችሁ አትተኙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

እንግዲህ ምርጫዬ ይህ ነው። አንድ ቦታ ሁለትና ከዚያ በላይ ሌሊት የምታድሩ ከሆነ የመሬት ድንኳን ውሰዱ። በየቀኑ መንገድ ላይ የምትሆኑ፣ መኪናችሁ ክብደቱን የሚችልና ከዚህ ጉዞ በኋላም ደጋግማችሁ የምትወጡ ከሆነ የጣሪያውን ግዙ። ለአንድ በጋ ብቻ ግን አልመክርም። መኪና ውስጥ መተኛትን ለክፉ ቀን አስቀምጡት፤ ነፋስ ሲበረታ ወይም እኩለ ሌሊት ላይ ስትደርሱ ያድናል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ድንኳኑን አስተክሉና ሁለታችሁም በፍራሻችሁ ላይ ተኝታችሁ ሞክሩት። አብረውት የሚመጡትን ካስማዎችም እዩ። በእጅ የሚታጠፉ ቀጫጭን ከሆኑ ጠንካራ ካስማ ለብቻው ግዙ።