በየወሩ ከደመወዜ የምቆርጥለት ድርጅት፦ «ሰዎች ለሰዎች»

ሕፃናትን እንረዳለን የሚሉ ድርጅቶች ጀርመን አገር እንደ አሸን ፈልተዋል። የፈረንጆች ገና ሲቃረብ የፖስታ ሣጥኔ በሕፃናት ፎቶግራፍ ይሞላል። እኔ ግን ለዓመታት በየወሩ 20 ዩሮ የማስተላልፈው ለአንዱ ብቻ ነው፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሙኒክ ሆኖ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራው «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት። አብረውኝ የሚሠሩ ነርሶችም፣ ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው እህቶችም ለምን እርሱን እንደመረጥኩ ስለሚጠይቁኝ ምክንያቴን ልጻፍ።

አጀማመሩን ብዙዎቻችን በደፈናው እናውቀዋለን። ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሃይንዝ ቦም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 በአንድ የቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርበው፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለተራበው አፍሪካዊ አንድ ማርክ አይሰጥም ብለው ተወራረዱ። ውርርዱን አሸነፉ። ያም ሆኖ የተሰበሰበው ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ አለፈ። በዚያው ዓመት ድርጅቱን አቋቁመው፣ ባቢሌ መጠለያ ውስጥ ያገኟቸውን ተፈናቃዮች ኤረር ሸለቆ ላይ እንዲሰፍሩ በመርዳት ሥራውን ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጣቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አረፉ። አዲስ አበባ ያለው ካርል አደባባይ የእርሳቸው መታሰቢያ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ታሪኩ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ሕፃን ለብቻው አይራብም። ጓዳው ባዶ ሲሆን እናትም፣ አባትም፣ ታላቅ እህትም አብረው ይራባሉ። ድርጅቱ ይህን ስለተረዳ አንድ ወረዳ ሲገባ ከቤተሰቡና ከመሬቱ ይጀምራል፦ ምንጭ ያጎለብታል፣ ችግኝ ያፈላል፣ እርከን ያሠራል፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ይገነባል፣ ሴቶችን በቁጠባና ብድር ያደራጃል፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ይታገላል። ሠራተኞቹም ከሞላ ጎደል ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከዓመታት በኋላ ሁሉንም ለሕዝቡና ለመንግሥት አስረክቦ ይወጣል።

ከወጣ በኋላስ? የትውልድ አገሬ መርሐቤቴ ድርጅቱ ለረጅም ዓመታት ሠርቶ ካስረከባቸው ወረዳዎች አንዱ ስለሆነ ይህን በዓይኔ ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጌ፣ የጀማን ቁልቁለት ወርጄ ዓለም ከተማ ገባሁ። ድርጅቱ የሠራው እናት ሆስፒታል በሽተኛ ያስተናግዳል። ከሆስፒታሉ ይልቅ ልቤን የነካችው ግን በአክስቴ መንደር የውኃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ የሆነች ሴት ናት። የፓምፑ አጥር ቁልፍ ከማተቧ ጋር ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልላ መሶብ ሥር ታስቀምጠዋለች። ስትገልጥልኝ የእያንዳንዱ አባወራ ስም በተርታ ተጽፏል፤ የከፈለ ምልክት አለበት፣ ያልከፈለ ባዶ ነው። አንዲት አቅመ ደካማ አሮጊት ፊት ለፊት «በነፃ» ተብሎ ተጽፏል። ከታች የፓምፑ ጎማ ሲበላ አዲስ የተገዛበት ወጪ ሰፍሯል። «እህቴ፣ ጎማው ሲያልቅ ማንን እንጠብቃለን? ገንዘቡ እጃችን ላይ ነው» አለችኝ። ድርጅቱ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ውኃው ይፈሳል፤ ልጃገረዶቹ ጄሪካናቸውን ሞልተው ጠዋት ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። ከየትኛውም ባለቀለም ዘገባ ይልቅ እኔ ያንን ደብተር አምናለሁ።

ዘገባም ለሚፈልግ፣ ድርጅቱ የጀርመን የበጎ አድራጎት ተቆጣጣሪ ተቋም የሚሰጠው ማኅተም አለው። ማኅተሙን ለማግኘት የማስታወቂያና የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም።

እንዲሻሻል የምመኘው ትምህርት ቤቶቹን ይመለከታል። እስካሁን ከ400 በላይ ተገንብተዋል፤ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን የሕንፃው ርክክብ ከተፈጸመ በኋላ መምህሩም መጽሐፉም በወረዳው አቅም ይወሰናል። ለውኃው የተቋቋመው ዓይነት ጠንካራ ኮሚቴ ለትምህርት ቤቱም ቢኖር፣ ለጋሾችም ከዓመታት በኋላ ስንት ልጆች እንደሚማሩበት ቢነገረን እወዳለሁ።

የአንድ ልጅ ፎቶግራፍና ደብዳቤ በየጊዜው እንዲደርሳችሁ የምትሹ ከሆነ ሌሎች ድርጅቶች አሉ፤ አልነቅፍም። የእኔ 20 ዩሮ ግን ስሟን የማላውቃት ልጅ እናት ጓዳ ቢገባ ይሻለኛል። ጀርመን የምትኖሩ ደግሞ ልገሳው ከግብር እንደሚቀነስላችሁ አትርሱ፤ እስከ 300 ዩሮ ድረስ ለሆነ ልገሳ የባንክ መግለጫችሁ፣ ከግብር ነፃ መሆኑን ከሚገልጸው የድርጅቱ አጭር ወረቀት ጋር፣ በቂ ማስረጃ ነው።