የ14:00 ቲኬት ይዞ በ13:00 ባቡር መሄድ፦ የኤልኤንኢአር 70 ሚኒት ፍሌክስ ሲመዘን

ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ወደ ኒውካስል ወይም ኤደንብራ የሚሄድ መንገደኛ ጉዳዩ ቶሎ አልቆለት ጣቢያ ሲደርስ፣ ሰሌዳው ላይ ከያዘው ቀደም ብሎ የሚነሳ ባቡር ያያል። በእጁ ያለው አድቫንስ ቲኬት ከሆነ ግን በዚያ ባቡር መሳፈር አይችልም። አድቫንስ የረከሰው ከአንድ ባቡር ጋር ስለታሰረ ነው፤ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ቢሆን እንኳ ሕጉ አይለወጥም። ዝም ብሎ የገባ ሰው ተቆጣጣሪው ጋ ሲደርስ አዲስ ቲኬት ግዛ ይባላል፣ ቀድሞ የከፈለውም አይታሰብለትም።

70 ሚኒት ፍሌክስ የሚባለው ቲኬት የመጣው በዚህ ክፍተት ነው። የባቡር ድርጅቱ ኤልኤንኢአር እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 5 ቀን 2024 ጀምሮ ከለንደን ወደ ኒውካስል፣ ቤሪክና ኤደንብራ በሚሄደው መስመር ላይ በሙከራ አቀረበው። ስትገዙ እንደ አድቫንስ አንድ ባቡር ትመርጣላችሁ። ልዩነቱ ከመረጣችሁት ባቡር በፊትም ሆነ በኋላ በ70 ደቂቃ ውስጥ በሚነሳ ማንኛውም የኤልኤንኢአር ባቡር መሄድ መቻላችሁ ነው። ተጨማሪ ክፍያ የለም፣ ቲኬት መቀየር የለም፣ ለማንም ማስታወቅ አያስፈልግም። የ14:00 ባቡር የያዘ ሰው ከ12:50 እስከ 15:10 ድረስ ነፃ ነው ማለት ነው። 12:45 የሚነሳው ግን በአምስት ደቂቃ ያመልጠዋል፤ እሱ ላይ የወጣ ሰው ትክክለኛ ቲኬት እንደሌለው ይቆጠራል። የሚቆጠረውም የመነሻ ሰዓት እንጂ የመድረሻ አይደለም፤ ከኒውካስል የምትሳፈሩ ከሆነ ባቡሩ ከኒውካስል የሚነሳበትን ያዙ።

ሰዎች ይህን ቲኬት ገዝተው ጥቅሙን የሚያጡት በአብዛኛው ባቡር ሲመርጡ ነው። አድቫንስ ያስለመደን ልማድ አለ፤ እንዳያመልጠን ብለን መጨረሻ ላይ ያለውን ባቡር እንይዛለን። ለ70 ሚኒት ፍሌክስ ግን መያዝ ያለበት መካከለኛው ነው። ለምሳሌ ከኒውካስል ለፓስፖርት ጉዳይ ለንደን ወዳለው ኤምባሲያችን የመጣ ሰው ጉዳዩ ከ12:00 እስከ 14:00 ባለው ጊዜ ያልቃል ብሎ ይገምት። ከሳውዝ ኬንዚንግተን በፒካዲሊ መስመር ሳይቀይር ኪንግስ ክሮስ ይደርሳል፤ ለእግር መንገዱም ጨምሮ 45 ደቂቃ ይያዝ። እንግዲህ ጣቢያ የሚደርሰው ከ12:45 እስከ 14:45 ነው። 13:45 አካባቢ የሚነሳ ባቡር ከያዘ ሁለቱም ጫፍ ይሸፈንለታል። ለጥንቃቄ ብሎ የ15:00ውን ቢይዝ ግን ጉዳዩ ቶሎ ቢያልቅለትም ከ13:50 በፊት መሳፈር አይችልም፤ በትርፍ የከፈለበት ግማሹ በከንቱ ይቀራል። ቲኬቱን ሌላ ሰው የሚገዛላችሁ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጽፋችሁ ላኩ። በስልክ “ስምንት ሰዓት” ብላችሁ እሱ 8:00 ከሰማ ስህተቱ ስድስት ሰዓት ነው።

ወንበራችሁ ግን አብሯችሁ አይመጣም። ቦታ የተያዘላችሁ መጀመሪያ በመረጣችሁት ባቡር ላይ ብቻ ነው። አዙማ በሚባሉት ባቡሮች ከወንበሩ በላይ ትንሽ መብራት አለች፤ አረንጓዴ ከሆነች ወንበሩ አልተያዘም፣ ቀይ ከሆነች ተይዟል፣ ብርቱካናማ ከሆነች በጉዞው ከፊል ላይ የሆነ ሰው ይዞታል። ብርቱካናማ ስታዩ አትለፉት፤ አጠገቡ ያለው ጽሑፍ ከየት እስከ የት እንደተያዘ ይነግራችኋል። ከኒውካስል በኋላ የተያዘ ወንበር ኒውካስል ለሚወርድ ሰው እንደ ባዶ ነው። ዓርብ ከሰዓትና እሑድ ማታ ግን አረንጓዴ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሕፃን ይዛችሁ ወይም ከአረጋውያን ጋር ከሆናችሁ የተያዘላችሁን ባቡር መጠበቁ ይሻላል፤ ኤደንብራ ድረስ ከአራት ሰዓት በላይ ቆሞ መሄድ ለማንም አይመከርም።

ሌላው ወጥመድ ሰሌዳው ላይ ነው። ከኪንግስ ክሮስ ወደ ኒውካስልና ኤደንብራ ሉሞ የሚባል ሌላ የባቡር ድርጅትም ይሄዳል፤ ግራንድ ሴንትራልና ሃል ትሬንስም ከዚያው ጣቢያ ይነሳሉ። ሰዓቱ በ70 ደቂቃ ውስጥ ቢወድቅም እነዚህ ላይ ቲኬታችሁ አይሠራም። ከመድረሻው ስም ቀጥሎ የድርጅቱን ስም አንብቡ፤ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ የተቀባ ባቡር ካያችሁ ሉሞ ነው። የመግቢያው በር ባርኮዱን ካልተቀበለ ዳር ላይ ወዳለው ሠራተኛ ሄዳችሁ አሳዩት። በሮቹ ከመነሻው ሰዓት ቀደም ብለው ስለሚዘጉ በመጨረሻዋ ደቂቃ አትሩጡ።

አድቫንስ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነም መላ አለ፤ ግን ሳትሳፈሩ መሠራት አለበት። ቲኬቱን በገዛችሁበት አፕ ገብታችሁ፣ የያዛችሁት ባቡር ከመነሳቱ በፊት ጉዞውን ትቀይራላችሁ። የዋጋውን ልዩነት ትከፍላላችሁ፤ ሻጩም እስከ 10 ፓውንድ የመቀየሪያ ሊያስከፍል ይችላል። ችግሩ በዕለቱ ለቀደመው ባቡር ርካሽ ቲኬት ማለቁ ነው፤ ያኔ ልዩነቱ ከመጀመሪያው ቲኬት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ከቀየራችሁ በኋላ አዲሱን ባርኮድ ክፈቱ፤ የድሮው አያገለግልም።

ዋጋው ላይ ቅሬታችንን ሳንሸፍን እንናገር። ሙከራው ሲጀመር በእነዚህ መስመሮች ላይ ኦፍ ፒክና ሱፐር ኦፍ ፒክ የሚባሉት፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት የሚያገለግሉ ቲኬቶች ተነሡ። ከለንደን ኤደንብራ በ87 ፓውንድ ሱፐር ኦፍ ፒክ የገዛ ሰው በተፈቀደው ሰዓት ውስጥ የፈለገውን ባቡር ይመርጥ ነበር። አሁን ያን ያህል ነፃነት የሚሰጠው በማንኛውም ሰዓት የሚያገለግለው ኤኒታይም ቲኬት ብቻ ሲሆን፣ ዋጋው ከ190 ፓውንድ በላይ ወጥቷል። ቀኑን ሙሉ መቼ እንደሚመለስ ለማያውቅ ሰው፣ በተለይ ለሐዘን ወይም ለታመመ ዘመድ ለሚጓዝ፣ 70 ደቂቃ የድሮውን አይተካም። ጉዳዩ በሁለት ሰዓት ግምት ውስጥ ለሚያልቅ ግን ከአድቫንስ በላይ የሚጨመረው ገንዘብ ይክሳል። ሬይልካርድ የሚባለው የባቡር ቅናሽ ካርድ ያለው ደግሞ አንድ ሦስተኛ ይቀነስለታል።

የደርሶ መልሱንም በአንድ ዓይነት ቲኬት አትግዙ። ኤልኤንኢአር ከ2023 ወዲህ መሄጃውንና መመለሻውን ለየብቻ ነው የሚሸጠው። የቀጠሮው ሰዓት ስለሚታወቅ መሄጃውን በአድቫንስ፣ መመለሻውን ብቻ በ70 ሚኒት ፍሌክስ ያዙ።