የታሰረ ዘመድ ፍለጋ በኮሎራዶ ገጠር

ሰው «አገር ቤት ልሄድ ነው» ሲል ቦሌ ሊወርድ ነው። የእኔ የተገላቢጦሽ ነው። እንጀራዬ አዲስ አበባ ነው፤ እናትና አባቴ ግን ኮሎራዶ ናቸው፣ ከዴንቨር በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው ሜዳ። የፎርት ሞርጋንና የግሪሊ ሥጋ ፋብሪካዎች ስንቱን ሐበሻ ወደዚያ እንደሳቡ የሚያውቅ ያውቃል። ዘንድሮ ስሄድ ስለ በረራውና ስለ ኪራይ መኪናው ልጽፍ አስቤ ነበር። በረራው ደህና፣ መኪናውም ደህና፣ በዚሁ ልለፋቸው። የአክስቴ ልጅ ታስሮ ነበርና እሱን ስንፈልግ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ልንገራችሁ። አንድ ቀን የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም።

ጉዳዩ ከባድ አልነበረም። በግዴለሽ አነዳድ ቲኬት ተሰጠው፣ የኮርት (የፍርድ ቤት) ቀኑን አሳለፈው፣ ዋራንት የሚሉት የመያዣ ትእዛዝ ወጣበት። አንድ ማታ ከፈረቃ ሲመለስ አንደኛው የፊት መብራት አልበራ ብሎ ፖሊስ አስቆመው። ስሙን ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባ ዋራንቱ ብቅ አለ፣ በዚያው ይዞት ሄደ። ስልኩ ዝግ ነው። አክስቴ ጠዋት ቡና እንኳ ሳትቀምስ እኛ ቤት ደረሰች። «አንተ እንግዲህ የተማርክ ነህ፣ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም እንዴ?» አለችኝ።

ይወጣል። ኮሎራዶ ውስጥ የወንጀል ፍትሕ መዝገቦችን የሚመለከት ሕግ አለ። መያዝ፣ መከሰስ፣ በዋስም ሆነ በሌላ መንገድ መፈታት፣ መንግሥት በሰው ላይ የወሰዳቸው እርምጃዎች ስለሆኑ መዝገባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው። ዘመድነትህን አስረዳ የሚልህ የለም። የካውንቲውን (የወረዳ ያህል በሉት) ጄል፣ ማለትም እስር ቤቱን፣ የሚያስተዳድረው ሸሪፉ ነው፣ የካውንቲው የፖሊስ ኃላፊ፤ ስለዚህ መነሻው የሸሪፉ ድረ ገጽ ነው። ትልልቆቹ ካውንቲዎች ስም የሚጻፍበት መፈለጊያ አላቸው። የኛ ግን ጠዋት ጠዋት የሚለጠፍ ፒዲኤፍ ነው ያለው። ማታ የገባ ሰው እስኪነጋ አይታይም። የተፈታውም ስሙ ተለጥፎ ይውላል።

ዝርዝሩ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የገባበት ሰዓት፣ የያዘው መሥሪያ ቤት፣ የተጠረጠረበት ጉዳይና የዋስትናው መጠን አለ። ዳር ላይ «ሆልድ» የምትል ጠባብ ዓምድ አለች። ብዙ ሰው አያያትም። ሌላ ካውንቲም ይፈልገው እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት። እሷን ሳያዩ ዋስ የከፈሉ ሰዎች ልጃቸውን ከበር ላይ ሌላ ካውንቲ ሲወስደው ቆመው ያያሉ።

የአክስቴን ልጅ ግን ዝርዝሩ ላይ አጣሁት። ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ የለም። አክስቴ ሆስፒታሎች ጋ እንደውል ትለኝ ጀመር።

እዚህ ላይ ነው የሐበሻ ስም ጣጣ የሚመጣው። ለምሳሌ አባቱ ወልደሚካኤል የሚባል ሰው እንውሰድ። መታወቂያው ላይ «ወልደ» ከ«ሚካኤል» ተነጥሎ ከተጻፈ፣ «ወልደ» መካከለኛ ስም ይሆንና ሰውየው «ሚካኤል» ተብሎ በኤም ስር ይመዘገባል። አንተ በደብሊው ስር ዓይንህ እስኪፈስ ትፈልጋለህ። ጸሐፊዋ የቸኮለች እንደሆነች ደግሞ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል። ፀጋዬ በቲ ኤስ ይጀምራል ወይስ በቲ ብቻ? ዮሐንስ በአንድ ኤን ነው በሁለት? መልሱ ያለው መንጃ ፈቃዱ ላይ ነው እንጂ እኛ ጋ አይደለም። መፈለጊያ ሳጥን ካለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፊደላት ብቻ መጻፍ ይሻላል። ፒዲኤፍ ከሆነ በስም መድከሙን ትተህ በተያዘበት ሰዓትና በዕድሜ ፈልግ። ዕድሜውም ቢሆን ይዋሻል። በስደተኛነት ከመጡት ስንቶቹ ናቸው ጃንዋሪ 1 የተወለዱት!

ስለዚህ ስልክ አነሳሁ። ለጄሉ ስልክ ሙሉ ኮከብ እሰጣለሁ። ቀንም ሌትም ሰው አለው፣ ገጠር በመሆኑም «እንግሊዝኛ ከሆነ አንድን ይጫኑ» የሚል ማሽን የለውም። የተረኛዋ ድምፅ ሲጋራ የጠገበ ነው። ስሙን ፊደል በፊደል አነበብኩላት፣ የለም አለች። የተወለደበትን ቀን ነገርኳት። ቁልፎቹን ስትመታ ይሰማኛል። «አገኘሁት የኔ ማር» አለችኝ፣ አባቱን ለሁለት ተከፍሎ አገኘችው። የዋስትናውን መጠን ነገረችኝ፣ ሌላ ቦታ እንደማይፈለግም አረጋገጠችልኝ። አክስቴ ስልኩን ነጥቃ በአማርኛ መረቀቻት።

ሌላው ቫይን የሚባለው የእስረኛ መፈታት ማሳወቂያ አገልግሎት ነው። የተጀመረው በ1994 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በኬንታኪ፣ ሉዊቪል አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዲት ወጣት፣ የታሰረው የቀድሞ ጓደኛዋ መፈታቱን ሳይነግሯት ወጥቶ ገደላት። ዓላማው ተበዳይ ቀድሞ እንዲያውቅ ነው፤ ግን ማንም ሰው በነጻ ይመዘገብበታል። እስረኛው ሲፈታ ወይም ሲዛወር በመልእክት፣ በኢሜይል ወይም በስልክ ያሳውቅሃል። በመልእክት ብትመርጡ ይሻላል። አክስቴ በስልክ ይሁንልኝ አለች። መልእክቱ መድረሱን በሚስጥር ቁጥር ማረጋገጥ አለባት፤ ቁጥሩን ረስታው ማሽኑ እየደጋገመ ሲደውልላት አደረ።

ጎግል ላይ ከሸሪፉ በፊት ብቅ የሚሉትን ድረ ገጾች ግን ዝለሏቸው። ስም ትጽፋለህ፣ «መዝገቡን በመፈለግ ላይ» እያለ አንድ አረንጓዴ መስመር ይሞላል፣ «ተገኝቷል!» ይልሃል፣ ከዚያ ካርድ ይጠይቅሃል። የሚሸጥልህ ሸሪፉ በነጻ የለጠፈውን ነው፣ ያውም ያረጀውን። ከነሱ የባሱት ደግሞ ፎቶ ለጥፈው ለማንሳት ብር የሚጠይቁት ናቸው። ኮሎራዶ በ2014 እነዚህን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች።

ፎቶ ካልኩ አይቀር፣ ግልጽነቱ ራሱ ሁለት ፊት አለው። አዲስ አበባ ሰው ሲታሰር ስንቅ ቋጥረህ ከጣቢያ ጣቢያ ትዞራለህ፣ ተረኛው ፊት ሲያሳይህ እዚህ አለ ትላለህ። በኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የት እንዳለ ለማወቅ ግን ከቤት ሆነህ የምትከፍተው ዝርዝር የለም። ኮሎራዶ ላይ ዝርዝሩ አለ፣ ግን እናቱ ከማወቋ በፊት የፋብሪካው ሰው ሁሉ አይቶታል። መያዝና ጥፋተኛ መባል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ደግሞ ማኅበር ላይ ማን ያስረዳ? ለእኔ ስሙና ሰዓቱ ይለጠፍ፣ ፎቶው ይቅር።

ዋራንቱ ላይ ዋስትና አስቀድሞ ተጽፎ ስለነበር ዳኛ መጠበቅ አላስፈለገንም። እንዲህ ካልሆነ፣ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኮሎራዶ ሕግ ተያዡ ጄል ከደረሰ በ48 ሰዓት ውስጥ ስለ ዋስትናው ዳኛ ፊት ይቀርባል። ቅዳሜና እሑድም ቢሆን በቪዲዮ የሚያይ ተመድቧል፤ ለገጠር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ትንሽ ዋስትና ከሆነ ለቦንድ ሰው (በክፍያ ዋስ ለሚሆነው ነጋዴ) የማይመለስ እስከ 15 በመቶ ከመገበር ራሳችሁ ጥሬ ገንዘብ ክፈሉ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል። ደረሰኙ በማን ስም እንደተቆረጠ ግን እዩ፤ የሚመለሰው ለዚያ ሰው ነው። የጄሉ ማስኬጃ ክፍያ ከ10 ዶላር አይበልጥም። ከተከፈለ በኋላ እስከ 6 ሰዓት ድረስ ሊያቆዩት ስለሚችሉ በር ላይ ቆማችሁ አትቁሰሉ።

ወረቀት የሌለው ሰው ከጄሉ ዝርዝር ድንገት ከጠፋ፣ የኢሚግሬሽኑን የእስረኛ መፈለጊያ ሞክሩ። በኤ ቁጥር (ኢሚግሬሽን ለሰውየው በሰጠው የመለያ ቁጥር) እና በትውልድ አገር ይሠራል። በስም ከሆነ ፊደሉ አንድ በአንድ ካልገጠመ አያወጣም። ከ2019 ጀምሮ የኮሎራዶ ጄሎች በኢሚግሬሽን ጥያቄ ብቻ ሰው ማቆየት አይችሉም፤ ግን ኦሮራ ላይ ትልቅ የማቆያ ማዕከል አለ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛሉ።

ልጁ ከወጣ በኋላ ፋብሪካው የት ነበርክ አለው። የቀረባቸውን ፈረቃዎች ነጥብ ይይዙበታል፣ ነጥብ ሲሞላ መባረር ነው። ዝርዝሩ ላይ ስሙ በትክክል ስላልተጻፈ የሚያሳየው ነገር አጣ። ሸሪፉ ቢሮ የመዝገብ መስኮት ሄድን። አንድ ገጽ ቅጽ ሞላን፣ ጸሐፊዋ መንጃ ፈቃዱን አይታ ስሙን እንደተጻፈው መታችው፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት ያለበት ወረቀት ማሕተም አድርጋ በመስታወቱ ስር አሾለከችልን። ሁለት ኮፒ አስወጣን፣ አንዱን ለፋብሪካው፣ አንዱን ለኮርት። የሰው ኃይል ክፍሉ ወረቀቱን ተቀብሎ ነጥቡን ሰረዘለት፤ የኮርት ቀኑን ደግሞ አክስቴ ራሷ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች።